የማትጠይቀው ጽዳት ሠራተኛ

ቬይዮ ሪናነንን አንድ ተራ ቀን ስንት ያስወጣዋል? ምሳ በመዋኛ ቤቱ ካፌ ዘጠኝ ዩሮ ነው፤ ሐሙስ የአተር ሾርባ ስለሆነ ሰባት ተኩል። ቡናውን መሥሪያ ቤቱ ይችለዋል። ለመንገድ ምንም አያወጣም፤ በረዶው ጉልበት ሲደርስም በብስክሌቱ ነው የሚሄደው። ማምሻውን ሳውናው ሲሞቅ ለመብራት ሁለት ዩሮ፣ ከሳውና በኋላ ለምትበላው ቋሊማ አንድ ተኩል። ለሚጫወተው የኦንላይን ጌም በወር አሥራ ሦስት ዩሮ ይከፍላል፤ ለቀን ሲካፈል አርባ ሦስት ሳንቲም ይሆናል። ይህን ሁሉ አጥሩ ላይ ተደግፎ የዘረዘረልኝ ራሱ ነው። ሊያማርር የመጣው ግን በዩሮው አልነበረም።

"ሃያ ስድስት" አለኝ።

"ሃያ ስድስት ምን?"

"ሃያ ስድስት 'እርግጠኛ ነህ ወይ'። ትናንት ብቻ። ቆጥሬዋለሁ።"

ጌሙን እኔም ስለምጫወተው ምን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ሰውየው በጌሙ ውስጥ ጫካ ይገባል፣ አውሬ ይገድላል፣ የገደለው አውሬ ደግሞ ዕቃ ይጥልለታል። አብዛኛው ቆሻሻ ነው፤ የአይጥ ጭራ፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ የበሰበሰ የተኩላ ጥርስ። ቦርሳው ይሞላል። ለመጣል እያንዳንዱን ዕቃ በማውሱ አንስቶ ከቦርሳው ውጭ ይለቀዋል፤ ያኔ መስኮት ብቅ ይልና "ይህን ዕቃ ልታጠፋው ነው፣ እርግጠኛ ነህ ወይ?" ይለዋል። አዎ ይላል። ከዚያ ወደሚቀጥለው የአይጥ ጭራ።

"አንዱ ሦስት ሰከንድ ቢወስድ በዓመት ስምንት ሰዓት ነው" አለ ቬይዮ። "አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ለአይጥ ጭራ 'አዎ' ስል እውላለሁ። ደመወዝ የለው፣ ቡና የለው።"

ቬይዮ አምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። እዚህ ፊንላንድ፣ ኢሳልሚ ከተማ፣ የከተማው መዋኛ ቤት ውስጥ የፓምፕና የማጣሪያ ሠራተኛ ነው። እኛ የምንኖረው ስድስት ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው በተሠሩበት ግቢ ውስጥ ነው፤ የእሱ ሳሎንና የእኔ ወጥ ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። እሱ ሲያስነጥስ እኔ ነኝ "ይማርህ" የምለው።

በመዋኛ ቤቱ ከፓምፑ ሌላ አንድ ኃላፊነት አለበት፤ የጠፉ ዕቃዎች ቁምሣጥን። በሩ ላይ "ሦስት ወር ውስጥ ባለቤት ያልመጣለት ዕቃ ይወገዳል" የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። የጻፈው ቬይዮ ነው። ቁምሣጥኑ ውስጥ የአንድ እግር ካልሲ ብቻ ስድስት ካርቶን አለ፤ ታች ያለው ካርቶን ከእኔ ልጅ ይልቅ ለእኔ ዕድሜ የቀረበ ነው። ለምን አትጥለውም ሲሉት መልሱ አንድ ነው፦ "ባለቤቱ ቢመጣስ?"

ቤቱም እንደዚያው ነው። ሚስቱ ማርኬታ የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት፤ ቀኑን ሙሉ አፋቸውን ከፍተው መልስ መስጠት ከማይችሉ ሰዎች ጋር ስለምትውል ማታ ቃሏ ይጠራቀማል።

"ይሄ ሽማግሌ በዕድሜው አንድ ነገር ነው የለቀቀው" አለችኝ አንድ ቀን ጋራዡን ስታሳየኝ። "ከእኔ በፊት የነበረችውን እጮኛውን። እሷንም የለቀቃት በራሷ እግር ስለሄደች ነው።"

"ጓንቷን ረስታ ነው የሄደችው" አለ ቬይዮ።

"ይኸውልሽ፣ እዚያ መደርደሪያ ላይ ነው።"

እንግዲህ ካልሲ መጣል የማይሆንለት ይህ ሰው ነው ሳይጠይቅ የሚጥል ፕሮግራም ሊሠራ የተቀመጠው።

ጌሙ ላይ የሚለጠፉ ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉ፤ ተጫዋቾች አድኦን ይሏቸዋል። ማንም ሰው ጽፎ ለሌላው በነፃ ያካፍላል። ቬይዮ ኮድ መጻፍን የተማረው የመዋኛ ቤቱን ፓምፕ ከሚቆጣጠረው ኮምፒዩተር ጋር በመጣላት ነው። በሁለት ሳምንት ጨርሶ ስም አወጣላት፤ ሲቮያ አላት። በፊንላንድኛ ጽዳት ሠራተኛ ማለት ነው። ሥራዋ ሲጨመቅ ሁለት ትእዛዝ ነበር፦ ቦርሳው ውስጥ ካሉት ኪሶች ርካሹን ዕቃ አንሺ፤ በእጅ ያለውን አጥፊ። እጅ የሚባለው ማውሱ ነው። ከዚያ ወደሚቀጥለው ኪስ። ሃያ ስድስቱ "አዎ" በሁለት ሰከንድ ያልቃል።

ከእሱ ቀጥሎ መጀመሪያ የሞከርኳት እኔ ነኝ። የመረጠኝም በችሎታዬ አይደለም። "አንቺ ሳታነቢ ነው ቁልፍ የምትጫኚው፤ ለሙከራ እንዳንቺ ያለ ሰው ነው የሚፈለገው" ብሎኝ ነው።

"ምን ትያለሽ?" አለኝ በበነጋው።

"ፈጣን ናት። ግን ትጠይቅ እንጂ፣ አንድ ጊዜ እንኳ።"

"ምን ብላ?"

"'ይሄን ልጣለው ወይ' ብላ ነዋ።"

"እሷ ከጠየቀች እኔ ምን ሠራሁ? ጠያቂማ ጌሙ ራሱ አለልኝ።"

"ቤትህን የምታጸዳ ሴት ሳትጠይቅህ ዕቃ ብትጥል ደስ ይልሃል?"

"ቤቴን የሚያጸዳ የለም።"

"እሱ እንኳ እውነት ነው" አለች ማርኬታ ከግድግዳው ማዶ።

ቬይዮ ግን ጸና። ጥሩ ሠራተኛ አያወራም ባይ ነው፤ በዚህ ደግሞ አገሩ በሙሉ ከጎኑ ነው። እዚህ ከተማ ረጅሙ ወረፋ ያለው ዝም ብሎ የሚቆርጠው ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ነው። ሲቮያንም በበጋው አራት መቶ ሰው ወሰዳት። ከሥሯ የሚጻፍላት አስተያየት ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር፦ "ምንም አትጠይቅም። አምስት ኮከብ።"

ከአራት መቶው አንዷ ሂልካ ናት። ሂልካ የግቢያችን መጨረሻ በር ላይ ትኖራለች፤ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፣ ጡረታ የወጣችው ከፖስታ ቤት ነው። አንቱ ልበላት ብል የታመመች መስሏት ትደነግጣለች፤ ስለዚህ አንቺ ነው የምላት። እሷና ባሏ ታውኖ ጌሙን ከመነሻው ጀምሮ አብረው ሲጫወቱ ኖረዋል። እኛ አሥራ አንድ ሆነን በጌሙ ውስጥ አንድ ማኅበር አለን፤ ግማሹ ከግቢው፣ ግማሹ ከመዋኛ ቤቱ። የመሠረቱት እነሱ ናቸው። ታውኖ በጌሙ ውስጥ ስሙ ኮንቲዮ ነበር፣ ሙያው ቀስት መሥራት። ጌሙ አንድ ሰው ለሠራው ዕቃ ሁሉ ከሥሩ በትንንሽ አረንጓዴ ፊደል የሠሪውን ስም ይጽፋል።

ታውኖ የሞተው ካቻምና ክረምት ነው። ሂልካ ማንኛውንም ነገር በቀኑ የምትመልስ ሰው ናት። የታውኖን ጋዜጣ አቋረጠች፣ የቤተ መጻሕፍት ካርዱን መለሰች፣ ስልኩን አዘጋች፣ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃዱን መለሰች። የጌሙንም ቅጽ ሞላች። ቅጹ "እርግጠኛ ነዎት ወይ?" ብሎ ጠየቃት፤ እርግጠኛ ነበረች። ኮንቲዮ ከነመሣሪያው፣ ከነቤቱ፣ ከነፈረሱ ጠፋ። ሂልካ እጅ ላይ የቀረው ከዓመታት በፊት የሠራላት አንድ የጀማሪ ቀስት ነው። በጌሙ ዋጋ አራት የነሐስ ሳንቲም ያወጣል፤ ከአይጥ ጭራ ትንሽ ይበልጣል፤ ቦርሳው በአይጥ ጭራ ሞልቶ እስካለ ሲቮያ አትደርስበትም። ሂልካ ትልቅ ደረጃ ላይ ደርሳም የምትተኩሰው በእሱ ነበር። ሌላው በሁለት ምት የሚጥለውን ከርከሮ እሷ ሩብ ሰዓት ትተኩስበታለች። ማኅበሩ ቆሞ ይጠብቃታል። አንድም ሰው ቃል ተናግሮ አያውቅም።

ጥቅምት ላይ፣ አንድ ረቡዕ፣ የሂልካ የጌም ሰው ጫካ ውስጥ ከርከሮ በዱላ ሲመታ አየሁት። ወገቧን አሟት ይሆናል ብዬ አለፍኩ፤ በጌም ውስጥ ወገብ እንደማያም ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው።

ቅዳሜ የግቢው የቅጠል ዘመቻ ነበር። በዓመት ሁለት ጊዜ ሁሉም ሰው ወጥቶ በነፃ ይሠራል፤ ከዚያ ቋሊማ ይጠበሳል፣ ቡና ይቀዳል፣ የማይወጣ ሰው እስከ ፀደይ አይረሳም። ቬይዮ መሰላል ላይ ሆኖ ከአሸንዳው ውስጥ ቅጠል እየዛቀ ወደታች ይጥላል። እኔና ሂልካ ከሥር እንጠርጋለን። ልጄ ቪየኖ የጠረግነውን መልሳ ትበትናለች።

"ሂልካ፣ ቀስቱን ጌሙ ባንክ አስገባሽው እንዴ?" አልኳት።

"የቱን ቀስት?"

"ስንት ቀስት አለሽ?"

መጥረጊያዋን ተደገፈች። "ሄደ" አለች።

"ወዴት ሄደ?"

"ሲቮያ ጣለችው። የእሷ ጥፋት አይደለም ልጄ፣ የእኔ ነው። እኔ ጽዳት ሠራተኛ ከመምጣቷ በፊት ቤቱን የማጸዳ ሰው ነኝ። ቆሻሻ ቤት እንዳታገኝ ብዬ አፍራለሁ። ሲቮያንም አስነሣሁና ሥራ ላግዛት ብዬ ቦርሳዬን ማስተካከል ጀመርኩ። ቀስቱን ከሰባተኛው ኪስ ወደ መጀመሪያው ላዛውረው አነሣሁት። በእጄ ላይ እንዳለ ጠፋ።"

"መቼ ነው?"

"ሰኞ። ያለፈው ሳይሆን ከዚያ በፊት ያለው።"

በጣቴ ቆጠርኩ። "አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል። ለቬይዮ ነግረሽዋል?"

"እንዴት ብዬ? የመዋኛ ቤቱ ማጣሪያ የሚቀየርበት ሰሞን ነው። ሰውየው ሥራ በዝቶበታል። ለገና አካባቢ ፋታ ሲያገኝ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር።"

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። እዚህ ግቢ ስድስት በር ሙሉ አፍ ተዘግቶ ይኖራል፤ ዝንብ የለም፣ ወሬም የለም። ይህን ሳስብ ከአሸንዳው ቅጠል መውረዱን እንዳቆመ አስተዋልኩ። መሰላል ላይ ያለን ሰው ማን ያየዋል።

"ማጣሪያው ማክሰኞ ነው ያለቀው" አለ ቬይዮ ከላይ።

ሂልካ እንደ ቪየኖ ጉንጭ ቀላች። እሱ ወረደ። ይቅርታ አላለም፤ የመጀመሪያ ቃሉ "ምን ከምን አስቀድመሽ ነው የነካሽው? በተርታ ንገሪኝ" የሚል ነበር። ነገረችው። ሁለት ጊዜ አስደገማት። ከዚያ የጭቃ ጓንቱን ሳያወልቅ ቤት ገባ፤ እኔም ተከተልኩት።

ጌሙ በስሕተት የጠፋ ዕቃ የሚያስመልሱበት ገጽ አለው። እስከ አሥር ቀን ድረስ ነው የሚሠራው። ቬይዮ ይህን ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ፤ ሂልካም ታውቅ ነበር፣ ፖስታ ቤት የሠራ ሰው ቀነ ገደብ አይስተውም። ቢሆንም ጻፈላቸው። ከሁለት መስመር በላይ የማይጽፈው ሰው አንድ ገጽ ሞላ፤ ስለ ታውኖ፣ ስለ አረንጓዴው ፊደል፣ ጥፋቱ የእሱ ኮድ እንጂ የሂልካ እጅ እንዳልሆነ። መልሱ ቋሊማው ሳይበስል መጣ። አሥሩ ቀን አልፏል፣ ውሳኔው የመጨረሻ ነው፣ መልካም ጨዋታ። ከሥሩ ደግሞ "ይህ መልስ ረድቶዎታል? ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይስጡን።"

ቬይዮ ሦስት ሰጠ።

"ሦስት ለምን?" አልኩት።

"ፈጥነው መልሰዋል።"

ወጣንና ለሂልካ ነገራት። ቋሊማው ዙሪያ የተሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ በአንድ ጊዜ እሳቱን የማየት አስቸኳይ ሥራ መጣበት።

"ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ኖሮ" አላት።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንተስ ለምን እንድትጠይቀኝ አላደረግካትም?"

በጎረቤትነት በኖርንበት ዘመን ከሂልካ አፍ የሰማሁት ከባዱ ቃል ይህ ነው። ራሷም ደንግጣ ፈጥና ቋሊማ ሳህን ላይ አድርጋ ሰጠችው። እሱም በላ፤ ሰናፍጭ ሳያደርግበት።

በዚያው ማምሻ ሲቮያን ከገበያ አወጣት። ለአራት መቶዎቹም "አትጠቀሙባት። ስሕተቱ የእኔ ነው" ብሎ ጻፈ። ወደ ሁለት መስመሩ ተመልሷል።

ከዚያ ሊያስረዳኝ ሞከረ። ቋሊማ መገልበጫውን መቆንጠጫ ይዞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ የቪየኖን መጫወቻዎች ደረደረ።

"ሲቮያ 'ሦስተኛው ኪስ ያለውን አንሺ' ስትባል ወዲያው አታነሣም። ቃሉ ሩቅ ያለው የጌሙ ኮምፒዩተር ጋ ደርሶ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ አለ። በዚያ ግማሽ ሰከንድ ውስጥ አንቺ ሌላ ነገር አንስተሽ እንደሆነስ?" በመቆንጠጫው የጎማ ዳክዬ አነሣ። "እሷ እንደሆነች የምታውቀው 'በእጅ ያለውን አጥፊ' የሚለውን ነው። በእጅ ያለው ምን እንደሆነ እንድታይ አልጻፍኩላትም። እኔ እኮ በመዋኛ ቤት የክሎሪን በርሜል ስከፍት ሦስት ጊዜ ነው ስሙን የማነበው።"

ቪየኖ ዳክዬዋን ተቀበለችውና ሄደች።

ሦስት ሳምንት ሠራባት። አሁን ሲቮያ ከመጀመሯ በፊት እጁ ባዶ መሆኑን ታያለች፤ ሰውየው የያዘው ነገር ካለ ቆማ ትጠብቃለች። ዕቃውን ስታነሣ ስሙን ታነባለች፤ ላነሣው ካለችው ጋር አንድ ካልሆነ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። ከሥሩ የሠሪ ስም ያለበትን ዕቃ፣ ዋጋው ምንም ቢሆን፣ አትነካም። የእኔ ሥራ መረበሽ ነበር። የአይጥ ጭራ የሞላ ቦርሳ ሰጠኝና "እየሠራች ሳለ አስቸግሪያት" አለኝ። ዕቃ አነሣሁ፣ ጣልኩ፣ አዟዟርኩ፣ ኢንተርኔቱን ነቀልኩ፣ አንዳንዴም ቪየኖን ማውሱ ላይ አስቀመጥኳት። የመጀመሪያው ሳምንት ስድስት ሰይፍ አጠፋች። ሁለተኛው ሳምንት አንድ። ሦስተኛው ላይ ምንም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ሲቮያ ግን ማፍሰስ እንጂ መልቀም አልተፈጠረላትም፣ ስለዚህ አለመቸኮል ነበረባት።

በመጨረሻ ጥያቄ ጨመረላት። እንደምታውቁት ቬይዮ መሐል ላይ መቆም አይችልበትም፤ አዲሷ ሲቮያ አንድ የአይጥ ጭራ ለመጣል አራት ጊዜ ጠየቀች። ማኅበሩ አጉረመረመ። ከመዋኛ ቤቱ አንዱ "ይቺ ጽዳት ሠራተኛ ናት ወይስ ጉምሩክ?" ብሎ ጻፈ።

ማርኬታ ደግሞ፦ "ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር 'እርግጠኛ ነሽ ወይ' ያልከኝ አንድ ጊዜ ነው፣ የሠርጋችን ዕለት። ለአይጥ ጭራ አራት ጊዜ?"

"ያን ቀን አንድ ጊዜ መጠየቄ ሳይበቃ ቀረ እንዴ?" አላት።

"አሁን ጠየቅከኝ? አሥር ቀኑ አልፏል።"

ወደ አንድ ጥያቄ አወረዳት። የሚጣሉትን ሁሉ ከነሥዕላቸው ትዘረዝራለች፣ ከዚያ አንዴ "ልጣል?" ትላለች። ሲቮያ እንደገና ወጣች። ከአምስት ኮከብ ወደ ሦስት ተኩል ወረደች። አንድ ኮከብ የሰጣት ሰው ምክንያቱን በአንድ ቃል ጽፏል፦ "ትጠይቃለች።"

ይህ ሁሉ ደህና ነው፤ ቀስቱ ግን አልተመለሰም። ማኅበሩ አዋጥቶ ለሂልካ ትልቅ ቀስት ገዛላት፤ ከርከሮ በአንድ ምት የሚጥል። አመሰገነች። ከዚያ ጫካ መግባት ተወች። የምታገኟት ጀማሪዎች ጌሙን የሚጀምሩበት መንደር፣ ድልድዩ ላይ ቆማ ነው፤ አትተኩስም፣ አታወራም። አንድ አርብ በሬን አንኳኩታ በትሕትና ጠየቀችኝ።

"ልጄ፣ ያ የመዝጊያ ቅጽ ገጹ ተቀይሯል መሰለኝ። የት ጋ እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"የማንን ልትዘጊ?"

"የራሴን። እስከ ጥር መጨረሻ ተከፍሏል። ከዚያ በኋላ ያለ ሥራ መክፈል ምን ያደርጋል።"

አላውቅም አልኳት። ዋሸሁ። ከዚያም በዚህ አገር ልማድ ያልሆነ ነገር አደረግሁ፤ በቀጥታ ሄጄ ለቬይዮ ነገርኩት።

መልሶ ጠየቀኝ፦ "ድልድዩ ላይ ነው የምትቆመው?"

"ድልድዩ ላይ።"

"ታውኖም እዚያ ነበር የሚቆመው" አለ። "ለጀማሪ ሁሉ ቀስት በነፃ ያድል ነበር። ለእኔም የሰጠኝ እዚያ ነው።"

"ታዲያ ያንተ የት አለ?"

ካልሲ የማይጥለው ሰው ዓይኑን ሰበረ። "ሲቮያን የሞከርኩበት የመጀመሪያ ቀን ጣለችው" አለ።

ሂልካ ዘንድ ሄድን። ታውኖ ስንት ቀስት እንደሠራ ጠየቃት። "በአንድ ክረምት ብቻ ሦስት መቶ" አለች። "እንጨቱን እኔ ነበርኩ የምቆርጥለት። ለማን ለማን እንደሰጠ ግን አልመዘገብንም።" መመዝገብ እንደነበረባት አሁን ገና የታወቃት ይመስል አፈረች።

"አልጠፉማ" አልኳት። "ሰዉ ጌሙን ቢተውም ቦርሳው እዚያው ይቀመጣል።"

"አራት ሳንቲም የሚያወጣ ቀስት ማን ያስቀምጣል?"

"ሰነፍ ሰው" አለ ቬይዮ። "ሰነፍ ሰው ሞልቷል፤ እሱን ተስፋ አደርጋለሁ።"

አሁን ሲቮያ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አላት። የሚጭናትን ሰው ሁሉ "ቦርሳህ ውስጥ ኮንቲዮ የሠራው ዕቃ ካለ ልፈልግ ወይ?" ትለዋለች። ኮከቧ ወደ ሦስት ወርዷል። እስካሁን ሁለት ሰው ጽፎልናል። አንዱ ኢስቶኒያ ያለ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ኮንቲዮ የሠራው የፍላጻ ኮሮጆ ተገኝቶበት ላከላት፣ ሂልካ አንግታዋለች። ሁለተኛው ዴንማርክ ነው፤ ቀስቱ እንደነበረው፣ ከስድስት ዓመት በፊት በአራት ሳንቲም እንደሸጠው፣ እንዳዘነ ጻፈ። ሂልካ ማዘን እንደሌለበት ገልጻ ከነቀኑ ከነፊርማው የምስጋና ደብዳቤ መለሰችለት። ቅጹ ያለበትን ገጽ መልሳ አልጠየቀችኝም፤ የጥር መጨረሻ ግን እየቀረበ ነው።

ቬይዮ ይህን እንድጽፍ የለመነኝ እሱ ሁለት መስመር ላይ ስለሚያልቅበት ነው። ለእናንተ ለአንባቢዎች የሚለውን ግን ቃል በቃል ነግሮኛል፤ እንዲህ ይላል፦

"ድሮ ይህን ጌም ተጫውተህ የተውክ፣ ወይም የተወ ወንድም ወይም ልጅ ያለሽ፣ እባካችሁ አንድ ጊዜ ተመልሳችሁ ግቡ። ለመጀመሪያው ሳምንት አይከፈልም። ቦርሳውን ክፈቱ፣ ባንኩንም ክፈቱ፣ ርካሹን ዕቃ አትለፉት፤ ማውሱን ላዩ ላይ አድርጋችሁ ከሥሩ ያለውን አረንጓዴ ፊደል አንብቡ። ኮንቲዮ የሚል ካለ አትሽጡት፣ አትጣሉት። ለኢሳልሚ መዋኛ ቤት፣ ለቬይዮ ብላችሁ ጻፉልኝ፤ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ፎቶ ብቻም ቢሆን ይበቃል። ከጥር በፊት ቢሆን ደስ ይለኛል።"